በቀዝቃዛ ባሕር ወደ ሰመጠ መርከብ መጥለቅ፦ ከዝግጅት እስከ መመለስ

ቫሳ የተባለችው የስዊድን የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1628 ስቶክሆልም ወደብ ውስጥ ሰመጠች። ከ333 ዓመት በኋላ፣ በ1961 ስትወጣ፣ አብዛኛው እንጨቷና ቅርጻ ቅርጿ እንዳለ ነበር። የባልቲክ ባሕር ጨዉ አነስተኛ ስለሆነ እንጨት ቦርቡሮ የሚጨርሰው የባሕር ትል አይመቸውም፤ ቅዝቃዜውም መበስበስን ያዘገየዋል። ቀዝቃዛ ዳርቻዎች ጠላቂን የሚስቡት በዚህ ነው። ኮራል ስለማይለብሳቸው መድፉ መድፍ፣ መሰላሉ መሰላል መምሰሉን ለረጅም ዘመን አይተውም።

ይሁንና መርከቡን ያቆየው ቅዝቃዜ ለሰው አይራራም። ውሃ ከሰውነት ሙቀት የሚወስደው ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፈጠነ መጠን ነው። ጣት ይደነዝዛል፣ ትንፋሽ ይበዛል፣ መተንፈሻው በበረዶ ሊያዝ ይችላል፣ ሐሳብ ይዘገያል። በዚህ ላይ መርከቡ ራሱ ከጠላቂው በላይ ጣሪያ ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይሄዳል፦ አሁን ካለሁበት ቦታ የምመለሰው በየት በኩል፣ በምን ያህል ጋዝ፣ በየትኛው ጣቴ ነው?

በቅድሚያ መያዝ ያለበት ልምድ

ይህን የጻፍኩት መሠረታዊውንና ከፍተኛውን የስኩባ (ጋዝ በሲሊንደር ተሸክሞ የመጥለቅ) ኮርስ ጨርሶ እስከ 30 ሜትር ለመውረድ ለሠለጠነ ሰው ነው። ከዚያ በላይ ሁለት ነገር ያስፈልጋል።

አንደኛው ድራይ ሱት ነው፤ ውሃ የማያስገባ፣ በውስጡ አየር የሚይዝ ልብስ። ይህን ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ መርከብ ላይ መልበስ አይገባም። ከ10 ሜትር በማይበልጥ ጸጥ ያለ ቦታ ደጋግመው ይለማመዱት። በተለይ አየሩ ወደ እግር ሸሽቶ ጠላቂውን ቁልቁል የሚገለብጥበትን ሁኔታ ሆን ብለው ይሞክሩት፤ ጉልበትን ወደ ደረት ሰብስቦ መንከባለልና እጅን ከፍ አድርጎ አየሩን በክንድ ቫልቭ ማስወጣት እጅ ሊለምደው የሚገባ እንቅስቃሴ ነው። የአየር ማስገቢያው ቁልፍ ተጣብቆ ልብሱ ያለማቋረጥ ቢነፋም ቱቦውን መንቀል ያስፈልጋል። ይህንንም በወፍራም ጓንት፣ ዓይን ጨፍኖ፣ ደጋግሞ መሥራት ነው።

ሁለተኛው የሰመጠ መርከብ ኮርስ ነው። ውጭ ውጭውን ለሚያይ ሰው ይጠቅማል፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ግን ያለ እሱ መሞከር የለበትም።

መርከቡን በደረቅ መሬት ላይ ማወቅ

ከመውረድዎ በፊት የመርከቡን ሥዕል ያግኙ፤ ሲሠራ የነበረውን ሳይሆን አሁን የተኛበትን። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ስኮትላንድ ውስጥ በኦርክኒ ደሴቶች መካከል ባለው ስካፓ ፍሎው፣ እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 1919፣ ታግተው ከነበሩት 74 የጀርመን የጦር መርከቦች 52ቱ በራሳቸው አዛዥ በሉድቪግ ፎን ሮይተር ትእዛዝ ሆን ተብለው ሰመጡ። አብዛኞቹ ኋላ ወጥተው ለብረታቸው ተሸጡ። ዛሬ ጠላቂዎች ከሚጎበኟቸው መካከል ሦስቱ ግዙፍ መርከቦች፣ ኮኒግ፣ ማርክግራፍና ክሮንፕሪንዝ ቪልሄልም፣ ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርገው ተገልብጠው ነው ያሉት፤ ክሩዘር የሚባሉት አራቱ አነስ ያሉ የጦር መርከቦች ግን በጎናቸው ተኝተዋል። በጎኑ በተኛ መርከብ ወለሉ ግድግዳ ይሆናል፣ በሩ ጉድጓድ ይመስላል፣ ደረጃው አግድም ይሄዳል። ይህን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ያላዞረ ሰው፣ እይታው 5 ሜትር በሆነበት ውሃ ውስጥ የት እንዳለ ለማወቅ ጊዜውን ሁሉ ይፈጃል። እኔ ሥዕሉን አትሜ በጣቴ እየተከተልኩ መንገዱን ሁለት ሦስት ጊዜ እሄድበታለሁ፤ ከዚያ ሳላይ እደግመዋለሁ።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ሕጉ ነው። እዚያው ስካፓ ፍሎው ውስጥ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1939 በጀርመን ሰርጓጅ የተመታው የብሪታንያ የጦር መርከብ ሮያል ኦክ ከ800 በላይ ሰዎች ይዞ ሰምጧል። መቃብር ስለሆነ ያለ ልዩ ፈቃድ መጥለቅ የተከለከለ ነው። በብሪታንያ የወታደራዊ ቅሪቶች ጥበቃ ሕግ ከ1986 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ይጠብቃል፤ ከማንኛውም የሰመጠ መርከብ የወጣ ዕቃም በ28 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው ባለሥልጣን መነገር አለበት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 ያጸደቀው ስምምነትም ከ100 ዓመት በላይ ውሃ ውስጥ የቆዩ ቅርሶችን ይመለከታል። የየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ ስለዚህ የሚጠልቁበትን አገር ሕግ ከጀልባው ካፒቴን ብቻ ሳይሆን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ይጠይቁ።

ሕግ ባይኖርም እንኳ ሰው የሞተበትን መርከብ መዳበስ የሚያስነውር ነው። በካናዳ የሴንት ሎውረንስ ወንዝ እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 1914 ኤምፕረስ ኦፍ አየርላንድ በጭጋግ ውስጥ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ በ14 ደቂቃ ሰመጠች፤ 1,012 ሰዎች አለቁ። ዛሬ እዚያ የሚወርድ ሰው የሚያየው ሳህንም ጫማም የባለቤት ነገር ነው። ይዩት፣ ፎቶ ያንሱት፣ ባለበት ይተዉት።

ልብስ፦ ከጣት ጀምሮ

ብዙ ሰው ስለ ድራይ ሱቱ ይጨነቃል፤ ሙቀቱን በዋነኛነት የሚይዘው ግን ከሥሩ የሚለበሰው ነው። ከቆዳ ጋር የሚነካካው ልብስ ላብን የሚያስተላልፍ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሁን። ጥጥ ላብ ይዞ ይቀራል፤ እርጥብ ጥጥ ደግሞ ሙቀት አይይዝም። በላዩ ወፍራሙ የውስጥ ልብስ ይደረባል። ጀልባው ላይ ሙሉ ለብሶ በፀሐይ መቀመጥ ላብ ያመጣል፤ ዚፑን የሚዘጉት በመጨረሻ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ቬስት ካለዎት አንድ ነገር ይወቁ። ታች ሳሉ ሞቆ፣ ሲወጡ ባትሪው ያለቀበት ሰው ለዲኮምፕረሽን ሕመም (ሲወጡ ናይትሮጅን ሰውነት ውስጥ አረፋ ሲሠራ ለሚመጣው ሕመም) ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ሰውነት ሲሞቅ ደም በብዛት ስለሚዘዋወር ናይትሮጅን በብዛት ይገባል፤ ሲቀዘቅዝ ደም ስሩ ስለሚጠብ የገባው በቶሎ አይወጣም። ስለዚህ ታች ዝቅ አድርገው፣ ሲወጡ ከፍ ያድርጉት።

ራስን የሚሸፍነው ኮፍያ ፊትን በጥብቅ ይያዝ፤ ግንባርና ጉንጭ ላይ የሚገባ ውሃ መጀመሪያ እንደ ጥርስ ሕመም ይነዝራል።

አሁን ወደ እጅ። ለመጀመሪያ ጊዜ 7 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የወረድኩ ቀን የቀኝ ጓንቴ ስፌት በቀጭኑ ያስገባ ነበር፤ ስወርድ ልብ አላልኩትም። በ12ኛው ደቂቃ የመብራቴን ማንጠልጠያ ልከፍት ስሞክር ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። ሕመም የለም፤ ዝም ብለው የሌላ ሰው ጣቶች ሆኑ። ለጓደኛዬ ምልክት ሰጠሁ፣ ዞርን፣ ወጣን። መርከቡን ያየሁት ከሩቅ ብቻ ነው። የሚያስፈራው ነገር የገባኝ ጀልባው ላይ ስቀመጥ ነው፦ በእነዚያ ጣቶች የሲሊንደሬን ቫልቭ መዝጋት፣ የጓደኛዬን ገመድ መቁረጥ አልችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ደረቅ ጓንት እጠቀማለሁ፤ ከውስጡም የሱፍ ጓንት አለ። ትልልቅ ማንጠልጠያዎችን ብቻ እገዛለሁ። ታች ሆኜም በየአምስት ደቂቃው አውራ ጣቴን ከትንሿ ጣቴ ጋር አነካካለሁ፤ አልገናኝ ካሉ ጉዞው አበቃ።

ሬጉሌተር ለምን ይቀዘቅዛል

ሬጉሌተር የሲሊንደሩን ጋዝ ግፊት ቀንሶ ለትንፋሽ የሚያደርሰው መተንፈሻ ነው። ጋዝ ከ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ወደ 10 ባር አካባቢ በድንገት ሲሰፋ እጅግ ይቀዘቅዛል። አካባቢው ያለው ውሃ ራሱ ለመቀዝቀዝ የቀረበ ከሆነ ከሲሊንደሩ ጋር የሚታሰረው የሬጉሌተሩ የመጀመሪያ ክፍል ላይ በረዶ ይሠራል፤ ቫልቩ ክፍት እንደሆነ ይያዝና ጋዙ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። 30 ሜትር ላይ ይህ ሲሆን ሲሊንደሩ በጥቂት ደቂቃ ባዶ ሊሆን ይችላል።

የአውሮፓ ደረጃ ከ10 ዲግሪ በታች ያለውን ቀዝቃዛ ውሃ ይለዋል፤ ለዚያ ተፈትኖ ያለፈ፣ የመጀመሪያ ክፍሉ ከውሃ የተከለለ ሬጉሌተር ይምረጡ። ነገር ግን መሣሪያው ብቻ አያድንም፤ አያያዝም ይጠይቃል። ሬጉሌተሩን ከውሃ በላይ በብርድ አየር አይተንፍሱበት፤ የትንፋሽ እርጥበት ውስጡ ገብቶ ይቀዘቅዛል። የማስወጫ ቁልፉን ለመፈተሽ ብለው ረዘም አድርገው አይጫኑ። ድራይ ሱቱንም በአየር የሚያንሳፍፈውን ጃኬትም ሲነፉ በአጭር በአጭሩ፣ እየተነፈሱ ሳይሆን በትንፋሽ መካከል ይንፉ፤ ሁለቱ ፍላጎት በአንድ ጊዜ ሲደርስ ነው ብርዱ የሚበረታው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለት የመጀመሪያ ክፍሎች በሁለት የተለያዩ ቫልቮች ላይ ይኑርዎት። አንዱ ሲይዘው ዘግተው በሌላው ይተነፍሳሉ። አንድ ቫልቭ ብቻ ያለው ሲሊንደር ይዞ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 30 ሜትር መውረድ እኔ የማልመክረው ነገር ነው፤ ሌላ አማራጭ ከሌለ ጥልቀቱን ይቀንሱ።

የጋዝ ሂሳብ

ከውሃው በላይ ግፊቱ 1 ባር ነው፤ በየ10 ሜትሩ በ1 ባር ይጨምራል። 30 ሜትር ላይ 4 ባር ነው። ስለዚህ ውሃ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው እዚያ 80 ሊትር ይተነፍሳል። ያቺ 20 ሊትር የተለካችው በሞቃት ገንዳ ውስጥ ከሆነ ለብርዱ ጨምሩባት፤ እኔ በ25 ነው የማስበው፤ 30 ሜትር ላይ 100 ሊትር ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ የሚረሳ ነገር አለ። በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 230 ባር ያነበበ ሲሊንደር 5 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሲገባ ወደ 218 ባር ይወርዳል። ጋዙ አልጠፋም፤ ቀዝቅዞ ነው። ሂሳቡን ከ218 ይጀምሩ።

አሁን መመለሻውን መጀመሪያ እናስቀምጥ። በጣም መጥፎው ሁኔታ ታች ሆነው የጓደኛዎ ጋዝ ሲያልቅ ነው። ሁለት የደነገጡ ሰዎች እያንዳንዳቸው በደቂቃ 30 ሊትር ይተነፍሳሉ ብለን እንውሰድ። ችግሩን ለመፍታት 1 ደቂቃ 30 ሜትር ላይ፦ 240 ሊትር። በደቂቃ 10 ሜትር እየወጡ 3 ደቂቃ፣ አማካይ ግፊቱ 2.5 ባር፦ 450 ሊትር። 5 ሜትር ላይ የ3 ደቂቃ ቆይታ፦ 270 ሊትር። ድምሩ 960 ሊትር። በ15 ሊትር ሲሊንደር 64 ባር ነው፤ 70 ብለን እንያዘው። መለኪያው 70 ሲያሳይ መርከቡ ምንም ቢያምር መውጣት ተጀምሮ መሆን አለበት።

ከ218 ላይ 70 ሲቀነስ 148 ባር ይቀራል፤ 2,220 ሊትር። በ100 ሊትር ሲካፈል 22 ደቂቃ። ብዙ ሠንጠረዦች በተራ አየር 30 ሜትር ላይ ያለ ዲኮምፕረሽን ማቆሚያ (ናይትሮጅኑ እንዲወጣ ሲወጡ በግድ ሳይቆሙ) የሚፈቅዱት 20 ደቂቃ አካባቢ ስለሆነ ሁለቱ ገደቦች እዚህ ይገናኛሉ። ከተንሳፋፊ እስከ መርከቡ ወደተዘረጋው፣ ወደ ወረዱበት ገመድ መመለስ ግድ ከሆነ ደግሞ የ148ቱን ገሚስ ብቻ ለመሄጃ ይጠቀሙ፦ መለኪያው 145 አካባቢ ሲደርስ ይዞራሉ።

ናይትሮክስ፣ ማለትም ኦክስጅን የተጨመረበት አየር፣ ጊዜ ይጨምራል። ኦክስጅኑ 32 በመቶ ከሆነ በ1.4 ባር የኦክስጅን ግፊት ገደብ ሲሰላ ከ33 ሜትር በታች አይወረድበትም። ሲሊንደሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አይመኑ፤ በመለኪያ ራስዎ ይለኩት፣ ቁጥሩን ይጻፉበት።

ትንንሾቹ ዕቃዎች

መብራት አንድ ዋና፣ አንድ ምትክ፤ ለሚገባ ሰው ሦስት። የመቁረጫ ዕቃ ሁለት፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ በሁለቱም እጅ የሚደረስባቸው። በሰመጡ መርከቦች ላይ የተጠመጠመ የዓሣ መረብና የመንጠቆ ክር በብዛት ይገኛል፤ ለእነዚህ ከቢላ ይልቅ መቀስና የክር መቁረጫ ይሻላል። ከታች ተነፍቶ የሚለቀቅ የምልክት ፊኛ ከነማጠንጠኛው ሪል ለእያንዳንዱ ሰው። ብርድ ባትሪን ያዳክማል፤ ሙሉ ኃይል ሞልተው ይሂዱ።

ለመስመጥ የሚያዘው የእርሳስ ብረት ክብደት ጊዜ ወስዶ መስተካከል አለበት። አንድ 15 ሊትር ሲሊንደር 180 ባር ሲጠቀሙበት ከ3 ኪሎ በላይ ይቀልላል። ልኩ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው፦ 50 ባር ይዘው፣ 5 ሜትር ላይ፣ ድራይ ሱቱ ውስጥ ጥቂት አየር ብቻ ትተው ሳይንቀሳቀሱ መቆም ከቻሉ ትክክል ነው። ብርድ ፈርቶ እርሳስ የሚጨምር ሰው ተጨማሪ አየር ይነፋል፤ ያ አየር ሲወጣ ሰፍቶ ወደ ላይ ይወረውረዋል።

የውሃው ሰዓት

በዳርቻ ላይ ባሕሩ ይሞላል፣ ይሸሻል። በሁለቱ መካከል ውሃው የሚቆምበት አጭር ጊዜ አለ፤ የምንጠልቀው በዚያ ነው። አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ አካባቢ ፍሰቱ ይበረታል፣ የሚቆምበት ጊዜም ያጥራል፤ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ይለዝባል። ጉዞ ሲያቅዱ ለስላሳዎቹን ቀኖች ይምረጡ። ውሃው የሚቆምበት ሰዓት ከሠንጠረዡ ሙላት ሰዓት ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ቦታውን የሚያውቅ ካፒቴን የሚለው ይበልጣል። የገመዱ ተንሳፋፊ ወደ አንድ ጎን ተጎትቶ ውሃው በዙሪያው እየተሰነጠቀ ከሆነ ጊዜው አልደረሰም። ይጠብቁ።

መልበሻ ጊዜው ላይ ጥድፊያ ይመጣል፤ ሁሉም ሰዓቱ እንዳያመልጠው ይቸኩላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ጸጉር በአንገት ማሸጊያው ሥር የሚገባው፣ ዚፑ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሳይዘጋ የሚቀረው በዚህ ሰዓት ነው። ከሰዓቱ 40 ደቂቃ ቀደም ብለው ይጀምሩ፤ ዚፑን ጓደኛዎ በእጁ ዳስሶ ያረጋግጥ።

መውረድ

1. ከጀልባው ዘለው ወደ ገመዱ ተንሳፋፊ ይዋኙ፤ እዚያ ይዘው ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይቆዩ። የፊት ብርድ ትንፋሽን ያስቆርጣል፤ ትንፋሹ ሳይረጋጋ አይወረድም።
2. 5 ሜትር ላይ ይቁሙ። አንዱ የሌላውን ሬጉሌተር፣ ቱቦና ቫልቭ አይቶ አረፋ የሚያፈስ ነገር እንደሌለ ያረጋግጥ። የሚያፈስ ካለ የሚመለሱት እዚህ ነው።
3. ድራይ ሱቱ መጨምደድ ሲጀምር በአጭሩ ይንፉ። ቆዳ እስኪቆነጥጥ አይጠብቁ።
4. ጆሮ እምቢ ካለ ግማሽ ሜትር ተመልሰው እንደገና ይሞክሩ። ቀዝቃዛ ውሃ ጆሮን ያስቸግራል፤ በኃይል መግፋት ጉዳት ያመጣል።
5. መርከቡ ጋ ሲደርሱ ገመዱ የታሰረበትን ቦታ ዞረው ይዩት። ከመርከቡ ምን ክፍል አጠገብ ነው? ከላይ ሲታይ ምን ይመስላል? በገመዱ ላይ ብልጭ የሚል መብራት ያንጠልጥሉ።
6. ግፊት፣ ጊዜ፣ ጥልቀት፣ ጣት። አራቱን ለጓደኛዎ በምልክት ከተለዋወጡ በኋላ ይጀምሩ።

መርከቡ ላይ

ኮምፓስ እዚህ አይታመንም፤ ብረቱ ያሳስተዋል። መንገድ የሚያሳየው መርከቡ ራሱ ነው፦ የጎኑ ጠርዝ፣ የመልሕቅ ሰንሰለቱ፣ ትልልቆቹ ቦይለሮች። በአንድ ጎን ሄደው በዚያው ጎን መመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃል። መርከብ በአንድ ጉዞ አያልቅም፤ ሁሉን ላይ የሚል ሰው ምንም ሳያይ ይወጣል። እኔ አንድ ነገር መርጬ እወርዳለሁ፤ ዛሬ ፕሮፔለሩን፣ ነገ የፊቱን መድፍ።

ከብረቱ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብለው፣ እግርን እንደ እንቁራሪት እያጠፉ ይዋኙ። ቀጥ ባለ ምት የሚመታ እግር ደለሉን ያነሳል፤ ከኋላ የሚመጣው ምንም አያይም። ብረቱ ላይ የተተከለው ሁሉ ሕይወት አለው። በኒውፋውንድላንድ ቤል ደሴት አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1942 በጀርመን ሰርጓጆች የሰመጡት አራት የማዕድን ጫኝ መርከቦች ዛሬ የባሕር አበባ በሚባሉ አበባ መሰል እንስሳት ተሸፍነው ይታያሉ፤ መብራት ሲበራባቸው ነጩና ብርቱካናማው ይወጣል። ለዚህ ነው በጨለማ ውሃ ውስጥ ጥሩ መብራት የሚያስፈልገው። ብረቱን አይደገፉ፤ የዛገ ጠርዝ ጓንትንና ድራይ ሱትን ይቀድዳል።

ከ30 ሜትር ጀምሮ ናይትሮጅን አእምሮን ማደንዘዝ ይጀምራል፤ ብርዱ ደግሞ ያግዘዋል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለው በቃል በቃሉ እዚህ ይሠራል፦ ሰውየው ደስ ይለዋል፣ መለኪያውን ያያል፣ ቁጥሩ ግን አይገባውም። ጓደኛዎ ምልክት ሲሰጥዎ ሁለቴ አስበው ከመለሱ፣ ወይም እሱ ግፊቱን ተጠይቆ «ደህና ነኝ» ብሎ ከመለሰ፣ ጥቂት ሜትሮች ወደ ላይ ይውጡ።

የብርድ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ጉዞው አልቋል። አውራ ጣት ወደ ላይ ማለት እንውጣ ማለት ነው፤ ማንም ሊሰጠው ይችላል፣ ማንም ለምን አይልም።

ወደ ውስጥ ስለመግባት

ሁለት ጫፉ ክፍት ሆኖ ከወዲህ የወዲያው ብርሃን የሚታይበትን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያልፍበትን መተላለፊያ ማለፍ አንድ ነገር ነው። ከዚያ አልፎ ወደ ክፍሎቹ መግባት ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ለብቻው የሠለጠነ፣ ሁለት ሲሊንደር የያዘ፣ መመለሻውን የሚያሳይ ገመድ ከኋላው እየዘረጋ መሄድ የሚችል ሰው ሥራ ነው።

ገመዱ መጀመሪያ የሚታሰረው ውጭ፣ ወደ ላይ ቀጥታ መውጣት በሚቻልበት ቦታ ነው፤ ሁለተኛው ከመግቢያው አለፍ ብሎ። ከዚያ ዝቅ ብሎ በአንድ ጎን ይሄዳል። የሰመጠ መርከብ ከዋሻ የሚለየው እዚህ ነው፦ የዛገ ብረት ገመድ ይቆርጣል። የሚያስሩበትን ጠርዝ በእጅ ዳስሰው ይምረጡ፤ ገመዱ ተወጥሮ ስለት ላይ እንዳያርፍ። የትንፋሽ አረፋ ጣሪያውን ሲመታ ዝገቱ እንደ በረዶ ይዘንባል፤ ሲገቡ ጥርት ያለው ክፍል ሲመለሱ ጭለማ ሊሆን እንደሚችል አስበው ነው የሚገቡት። እይታ ከጠፋ ይቁሙ፣ ገመዱን በጣቶች ቀለበት ይያዙ፣ የጓደኛዎን ክንድ ይያዙ፣ በገመዱ ላይ ይውጡ። ጣሪያ ሥር የተጠራቀመ አየር ቢያገኙ አይተንፍሱት፤ ዝገት ኦክስጅንን ይበላል፤ የቀረው ሊያስት ይችላል።

የጋዙ ደንብ ሲሶ ለመግቢያ፣ ሲሶ ለመውጫ፣ ሲሶ ለችግር ነው ይባላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መርከቡ መጨረሻ ጥግ ላይ የጓደኛዎ ጋዝ ቢያልቅ ሁለታችሁ ስትወጡ የእርስዎን ሁለት ሲሶ ትጨርሳላችሁ፤ በሩ ጋ ስትደርሱ ወደ ላይ የሚያወጣ ጋዝ የለም። ስለዚህ የመውጫዋን 960 ሊትር በመጀመሪያ ይቀንሱ፣ የቀረውን ለሦስት ያካፍሉ። በሁለት ባለ 12 ሊትር ሲሊንደሮች ይህ 40 ባር ነው፤ ከ218 ሲቀነስ 178 ይቀራል፤ ሲሶው 59። መዞሪያው 160 ባር ይሆናል። ብዙ ሰው ቶሎ ነው ይላል። እኔ ትክክል ነው እላለሁ።

መረብ ከያዘዎት አይሽከርከሩ፤ ሲሽከርከሩ ይጠቀልላል። ይቁሙ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሱ፣ መብራትዎን ወደ ግራና ቀኝ በፍጥነት እያወዛወዙ ለጓደኛዎ የችግር ምልክት ይስጡ። እሱ ያያል፣ እሱ ይቁረጥ።

መውጣት

ከመርከቡ ሲለቁ የድራይ ሱቱን ማስወጫ ቫልቭ ሙሉ ለሙሉ ይክፈቱ፤ የግራ ክንድ ትንሽ ከፍ ይበል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ10 ሜትር አይበልጥ። 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ይቆያሉ፤ የመጨረሻዋን 5 ሜትር ለመውጣት ሌላ አንድ ደቂቃ ይስጡ። አስቸጋሪው ቆይታ ይህ ነው፤ ብርዱ የሚሰማው፣ ሽንት የሚመጣው፣ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው። ገመዱን ማግኘት ካልቻሉ በፍለጋ ጋዝ አያባክኑ፤ የምልክት ፊኛውን ለቀው በእሱ ይውጡ። ካፒቴኑ ይህን አስቀድሞ ያውቅ ዘንድ በመግለጫው ጊዜ ይናገሩት።

ሲወጡ ወይም ሲወርዱ ያለ ምክንያት ትንፋሽ አጥሮ ሳል ከመጣ፣ በተለይ ሮዝ አረፋ ከተተፋ፣ ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል፤ ቀዝቃዛ ውሃና የደም ግፊት ያባብሱታል። ወዲያው ይውጡ፣ ተቀምጠው ኦክስጅን ይውሰዱ፣ በዚያ ቀን አይመለሱ።

ጀልባው ላይ

እርጥቡን ልብስ ቶሎ አውልቀው ይድረቁ፣ ከነፋስ ይከለሉ፣ ይጠጡ። ብርድ ደምን ወደ መሃል ሰውነት ስለሚገፋ ኩላሊት ብዙ ሽንት ያመርታል፤ ጠላቂ ሳያውቀው ውሃ ያጣል። ወዲያው በጣም የሞቀ ሻወር ውስጥ መግባትና ከባድ ሲሊንደር ማንሳት ይቆይ።

ትከሻ ወይም ጉልበት ቢያምም «መሰላሉ ላይ ተመትቼ ነው» ብለው አይለፉት። መደንዘዝ፣ ማዞር፣ ያልተለመደ ድካም፣ የቆዳ መዥጎርጎር፦ ለካፒቴኑ ይንገሩ፣ 100 በመቶ ኦክስጅን ይጀምሩ፣ ሐኪም ይጠሩ። ኦክስጅኑ ጀልባው ላይ መኖሩንና ሲሊንደሩ መሙላቱን ደግሞ ጠዋት፣ ከወደብ ሳይነሱ በዓይንዎ አይተውታል።

ለተከታታይ ቀናት ጠልቀው ከሆነ አውሮፕላን ከመሳፈርዎ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቁ።

ማታ፣ ሳይረሳ፣ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የውሃውን ሙቀት፣ ከሥር የለበሱትን፣ የእርሳሱን ኪሎ፣ የተጠቀሙትን ጋዝና የቆዩበትን ደቂቃ ይጻፉ። በደቂቃ ስንት ሊትር እንደተነፈሱ ያስሉት። የሚቀጥለው ጉዞ ሂሳብ የሚጀምረው ከዚያ ቁጥር ነው፤ ከገንዳው ሳይሆን።